ጃንሜዳ ላይ ቤዝቦል መወርወር ለሚፈልግ

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ስነዳ ነው ቤዝቦል የለከፈኝ። ያውም በሬዲዮ። ኳሱን ሳላይ ወርዋሪውን፣ ፒቸር የሚሉትን፣ መቺው በዱላ እንዳያገኘው አድርጎ ኳስ የሚወረውረውን ሰው፣ ወደድኩት። አሁን ተመልሼ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጃንሜዳ አንዱን ጥግ ይዤ ከሰፈር ልጆች ጋር እወረውራለሁ። «ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚጀመረው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ይኸው ጻፍኩት።

መጀመሪያ ኳስ። እኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ አግኝቼ አላውቅም። ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ ንገሩት፤ 145 ግራም አካባቢ ስለሆነ ሻንጣ አይከብድም። ጓንትም አብሮ ይምጣ። ኳሱ ቢተረተር እንዳትጥሉት። የኔው ሲተረተር ሰፈራችን ላለው ጫማ ሰፊ ወሰድኩለት። አገላበጠው። ስፌቱን በጥፍሩ እየተከተለ ዙሪያውን ዞረው። «ይሄማ የእጅ ስፌት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የአሜሪካ ትልቁ ሊግ ኳስ ኮስታ ሪካ ውስጥ በእጅ ነው የሚሰፋው፣ 108 ጥንድ ስፌት አለው። ቀይ ክር ስላጣ በጥቁር ሰፋልኝ። ወስፌውን ሲያስገባ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ነበር።

ሜዳው ቀላል ነው። ከወርዋሪው እስከ መቺው 18.44 ሜትር። ሜትር ከሌላችሁ በኔ እርምጃ 24 ነው። ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 14 ሜትር ይበቃዋል። ኳሱ የሚያልፍበት ሰሌዳ ወርዱ 43 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እኛ ከማዳበሪያ ከረጢት ቆርጠን አነጠፍን። ኳስ ተቀባይ አድርጋችሁ ልጅ እንዳታቆሙ፣ የፊት መከላከያ ከሌለው ጥርሱን ታወልቁታላችሁ። አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ግንብ ላይ አስደግፉና እሱን ምቱ።

አያያዙ ላይ ታገሱ። ጠቋሚና መሀል ጣታችሁ ስፌቱን አቋርጠው ይረፉበት፣ አውራ ጣት ከሥር። ኳሱ መዳፍ ውስጥ አይግባ፤ በመዳፍና በኳሱ መካከል ትንሽ ክፍተት ይኑር። እንቁላል እንደያዛችሁ ቁጠሩት።

አወራወሩ ላይ ሁላችንም አንድ በሽታ አለብን። ድንጋይ ወርውረን ስላደግን በክንዳችን ብቻ ነው የምንወረውረው። ኃይሉ ያለው ግን እግር ላይ ነው። ቀኝ እጃችሁን የምትጠቀሙ ከሆነ ግራ ትከሻችሁን ወደ ፍራሹ አዙሩ። ግራ ጉልበት ወደ ላይ። ከዚያ ረጅም እርምጃ ወደፊት። መጀመሪያ ዳሌ ይዞራል፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ክንድ መጨረሻ ላይ ተጎትቶ ይመጣል። ስትጨርሱ ደረታችሁ ከግራ ጉልበታችሁ በላይ ካልሆነ በእጅ ብቻ ወርውራችኋል ማለት ነው።

ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ከርቭ፣ መንገድ ላይ የሚታጠፈው ኳስ፣ እዚህ እምቢ ቢላችሁ አትገረሙ። ኳሱን የሚያጥፈው አየር ነው፤ የኛ ከተማ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ወርዋሪዎች የሚያማርሩባት ዴንቨር እንኳ 1,600 አካባቢ ናት። ስለዚህ ይታጠፍልኝ ብላችሁ ክርናችሁን አታጣሙ። ቼንጅአፕ ይሻላችኋል፦ ኳሱን ወደ መዳፍ ጠጋ አድርጋችሁ፣ የቀለበት ጣት ጨምራችሁ፣ ክንዱን በዚያው ፍጥነት። ኳሱ ዘግይቶ ይደርሳል፣ መቺው አየር ይመታል።

አሁን ዋናው። ቁጠሩ። ከ13 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ አሜሪካኖቹ ያወጡት መመሪያ በቀን ከ95 በላይ አትወርውር ይላል፤ ከ66 ጀምሮ ደግሞ 4 ቀን ማረፍ ግድ ነው። እኔ ልጆቹን ከ40 አላሳልፍም። 40 ጠጠር ግራ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በተወረወረ ቁጥር አንዱ ወደ ቀኝ ኪስ ይሄዳል። ራሴ አንድ ቀን ሞቅ ብሎኝ ከ100 በላይ ወረወርኩ። በማግስቱ ባለቤቴን ላጎርስ ብዬ እጄ መንገድ ላይ ቀረ። «በዚህ እድሜህ!» አለችኝ፣ ጉርሻውን ራሷ ከእጄ ወስዳ።

ልጆቹ ቁጥሩ ሲሰለቻቸው የስቲቨን ስትራስበርግን ነገር አወራላቸዋለሁ። የዋሽንግተን ናሽናልስ ወርዋሪ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ሰኔ 2010 የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ 14 ጊዜ መቺውን ባዶ መለሰ። ታክሲዬን አቁሜ ነው የሰማሁት። በዚያው ዓመት ክርኑ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጠሰና ቶሚ ጆን የሚባለውን ቀዶ ጥገና አደረገ። ይህን ቀዶ ጥገና ፍራንክ ጆብ የሚባል ሐኪም በ1974 ቶሚ ጆን በተባለው ወርዋሪ ላይ ነው የጀመረው፤ ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ ክርን ላይ መትከል ነው። በ2012 ቡድኑ ለዋንጫ እየተጠጋ ሳለ ለክንዱ ሲባል አሳረፉት። ተራ የምንጠብቅ ሾፌሮች ሁለት ቦታ ተከፍለን ተጨቃጨቅን። እኔ ይጫወት ባይ ነበርኩ፤ ዛሬ አፍሬበታለሁ። በ2019 ዋንጫውን በሉ፣ የፍጻሜው ኮከብም እሱ ሆነ። የ7 ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ በኋላ በጉዳት የተነሳ የወረወረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው።

«ብሩን መለሰ?» አለኝ አንዱ።

አልመለሰም፣ ውሉ ቢጎዳም ይከፈለዋል የሚል ዋስትና ነበረው።

ዝም ብሎ አሰበበት። ባለፈው ቅዳሜ ይኸው ልጅ ቀኝ ኪሱ ውስጥ 31 ጠጠር ይዞ ግራውም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ኪሱ ቀዳዳ ነው አለኝ። ቀኙን ስፈትሽ እውነትም ቀዳዳ ነው፤ የቀደደው ግን ራሱ በጣቱ ሳይሆን አይቀርም፣ ምክንያቱም የወደቁትን አንስቶ ወደ ግራ ኪሱ በመመለስ ድጋሚ ሊወረውር ሲል ነው የያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ጠጠሩ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።