አሮጌ የአንድሮይድ ላፕቶፕ ላይ ነፍስ እንዴት ይዘራል?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ ከቻርጀርና ከሪሞት ክምር ስር አንድ ቀጭን ጥቁር ላፕቶፕ አገኘሁ። ሳነሳው ደብተር ያነሳሁ መሰለኝ። ሻጩ "ዊንዶውስ ይጫንበታል" አለኝ። አይጫንበትም። ዕቃው ቶሺባ ኤሲ100 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ 870 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ እንደ ስልክ በአንድሮይድ የሚሠራ ላፕቶፕ። ውስጡ ያለው የኢንቪዲያ ቴግራ 2 ቺፕ ለስልክና ለታብሌት የተሠራ ነው። "ጫንልኝ" ብላችሁ ለማንም ብር አትክፈሉ።

ግን የሚጣል ዕቃም አይደለም። ኪቦርዱ ደህና ነው፣ ስክሪኑ 10 ኢንች ነው፣ እንደኔ ርካሽ ካገኛችሁት ያዋጣል።

መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። የድሬ ሙቀት ለባትሪ አይራራም። ላፕቶፑን ዘግታችሁ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከተወዛወዘ ወይም ሆዱ ከተነፋ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ አትሰኩት፣ በምንም ነገር አትውጉት፣ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ቻርጀር ስትገዙም ጫፉ ስለገባ ብቻ አትመኑ። ከላፕቶፑ ስር የተጻፈውን ቮልት ከቻርጀሩ ጋር አስተያዩ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም ከፍ ያለ ቢሆን ችግር የለውም።

ከበራላችሁ "ሴቲንግስ" ውስጥ ግቡ፣ "ፕራይቬሲ" የሚለውን ክፈቱ፣ ከዚያ "ፋክተሪ ዳታ ሪሴት" በሉት። እኔ የገዛሁት ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች የሠርግ ፎቶ ሞልቶበት ነበር። አቦ፣ የሰው ገበና ነው፤ ሳትበረብሩ አጥፉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚደክምበት ቦታ ላይ ደረስን። ዋይፋዩ ይሠራል፤ ስለዚህ ኔት የሚሠራ ይመስላል። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላ፣ ጓደኞቼ በርጫቸው ላይ ሲጫወቱ፣ የጉግል አካውንት ለማስገባት ስታገል ዋልኩ። ለካ ከንቱ ነው። ላፕቶፑ ይዞት የመጣው አንድሮይድ 2.1 ነው፤ በኋላ 2.2 ወጥቶለታል። ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 መጨረሻ ጀምሮ፣ ከአንድሮይድ 2.3.7 ጀምሮ ወደ ታች ባሉት ሁሉ ላይ አካውንት ማስገባት አቁሟል። አብዛኛው ድረ ገጽም አይከፈትም፤ ዛሬ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበትን የደኅንነት ቁልፍ የድሮው ብራውዘር አያውቀውም። ኔቱን እርሱት። ይህን ላፕቶፕ በሚሞሪ ካርድ መቀለብ ነው የሚሻለው።

ካርዱ 32 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደራደር ፎርማት አድርጉት። ትልልቆቹ ካርዶች ብዙ ጊዜ ኤክስፋት በሚባለው ሌላ አደራደር ነው የሚመጡት፤ ይሄኛው ደግሞ ኤክስፋት ማንበብ አይችልም።

አፕ የምትጭኑት በኤፒኬ፣ ማለትም በአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል ነው። "ሴቲንግስ" ውስጥ "አፕሊኬሽንስ" ግቡና "አንኖውን ሶርስስ" ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ለአንድሮይድ 2.1 ወይም 2.2 የሚሆን የድሮ ቨርዥን በካርዱ አምጡ። አዲሱን ብትሞክሩ አይጫንም። የቪዲዮ ማጫወቻ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ፦ ኒዮን የሚባለው የቪዲዮ ሥራ ማፍጠኛ ቴግራ 2 ውስጥ የለም። እሱን የግድ የሚፈልግ አፕ እምቢ ካለ ላፕቶፑ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ሌላ ሞክሩ።

ቪዲዮውንም ቢሆን አቅልሉለት። ኮምፒውተር ላይ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ኤምፒ4 ቀይሩት፤ ኤች264፣ ቤዝላይን፣ 480ፒ ምረጡ። ስክሪኑ 1024 በ600 ነው፣ ከዚያ በላይ ጥራት ብትጨምሩለት አይታይም።

አማርኛው ግን እኔን በጣም ያናደደኝ ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ጽሑፉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ፊደሉን ሲስተሙ ውስጥ ለማስገባት ሩት ማድረግ፣ ማለትም የተቆለፈውን ሲስተም ከፍቶ ሙሉ ሥልጣን መያዝ ይጠይቃል፤ ለጀማሪ አልመክርም። አቋራጩ ፒዲኤፍ ነው። ጽሑፉን ኮምፒውተር ላይ በወርድ ክፈቱ፣ "ሴቭ አዝ" ብላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት። ያን ጊዜ ፊደሉ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይጓዛል። የፋይሉን ስም ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ አለበለዚያ ስሙ ራሱ ሳጥን ይሆንና የቱ የቱ እንደሆነ ትቸገራላችሁ። እኔ አርባ ፋይል በአማርኛ ሰይሜ ጭኜ፣ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስፈልግ አምሽቻለሁ።

ስክሪኑ በጣት አይነካም፤ በታችፓዱ ነው የምትሠሩት። አንዳንድ የስልክ አፕ ሲከፈት ደግሞ ምስሉን ወደ ጎን ያጋድመዋል። አንገታችሁን ከምታጣምሙ ያንን አፕ አጥፉትና ሌላ ጫኑ።