ኮሌራ ሲገባ፦ ከባልዲው እስከ ጸበሉ ቦታ

ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። የሚደውሉት በየጤና ጣቢያውና በየወረዳ ሆስፒታሉ ያሉ ነርሶች ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ሰው በተቅማጥና ትውከት ገባ። ከየት ልጀምር?» እኔም ነርስ ነኝ፤ የኮሌራ ድንኳን ውስጥ ሠርቻለሁ። በስልክ የምመልሰውን እዚህ ላስፍረው። አስቀድሜ የምነግራችሁ ግን ይህን ነው፦ በግሉኮስ የምናድነው አልጋው ላይ ያለውን ሰው ነው። ወረርሽኙን የሚያቆሙት ባልዲ የሚደፋው ሰውና መዝገብ የሚይዘው ሰው ናቸው። ስለዚህ ሐኪም ከመፈለጋችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን ፈልጉ።

መጀመሪያ ስልክ

2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው ድንገት ውሃ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ይዞት፣ በሰዓታት ውስጥ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ኮሌራ ነው ብላችሁ ተነሱ። ተቅማጡ የሩዝ እጣቢ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም።

የላቦራቶሪ ውጤት አትጠብቁ። የተቅማጡን ናሙና አንቲባዮቲክ ከመጀመራችሁ በፊት ውሰዱና ጀርሙን ሳይሞት በሚያቆየው በኬሪ ብሌር ማጓጓዣ ላኩ። ወዲያው ወረዳ ደውሉ። ኮሌራ ለሳምንታዊው ሪፖርት የሚቆይ በሽታ አይደለም፤ ገና ሲጠረጠር ነው የሚነገረው። ወረዳው ስልክ ካላነሳ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር አለ፣ 8335።

«አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ነገ እናየዋለን» አትበሉ። ጀርሙ ከገባ በኋላ ምልክቱ ከ12 ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል። አብዛኛው የተያዘ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ይዞት እየተንቀሳቀሰ ነው ጀርሙን የሚያሰራጨው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ላይ የጀመረው ወረርሽኝ በዓመቱ ሶማሌ፣ ሲዳማ፣ አማራ ክልል ድረስ ደርሶ ነበር።

ድንኳኑ

የኮሌራ በሽተኛ ከሌላው በሽተኛ ጋር አንድ ክፍል አይተኛም፤ ሽንት ቤትም አይጋራም። ግቢው ጥግ ላይ፣ ከውሃ ጉድጓድ ርቆ፣ ድንኳን ትከሉ። ድንኳን ከሌለ አንድ ብሎክ አስለቅቁ። በገመድም ቢሆን እጠሩት። አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ፣ በሁለቱም በኩል እጅ መታጠቢያና ጥበቃ። ውስጡን ለዩት፦ የታማሚ መለያ፣ የጸናባቸው፣ ያገገሙ፣ የሠራተኛ ክፍል፣ አስከሬን ማቆያ። ወጥ ቤቱ ከሽንት ቤቱና ከአስከሬኑ ራቅ ይበል።

ከሁሉ የሚያታግለው አስታማሚ ነው። የእኛ ሰው ታማሚን ብቻውን አይተውም፤ አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ የእድር ዳኛ ሁሉ ይመጣል። በግድ አታባርሩ፤ በጓሮ ይገባሉ። «እማማ፣ አንድ ሰው ይመረጥ፣ እሱ እስከ መጨረሻው ይቆይ፤ ሌሎቻችሁ በር ላይ ሆናችሁ ጠይቁን፣ በየሰዓቱ እንነግራችኋለን» በሉ። የገባችሁትን ቃል ግን ጠብቁ፤ በሩ ላይ የሚናገር ሰው መድቡ። ለዚያ አስታማሚ ሳሙና ስጡት፣ ባልዲውን እንዳይነካ ንገሩት፣ ምግቡን እዚያው አብሉት። ከቤት በሳህን የመጣ ምግብ ሳህኑ ሳይታጠብ ወደ ቤት ከተመለሰ በሽታውም አብሮ ይሄዳል።

ውሃ ለአንድ በሽተኛ በቀን 60 ሊትር አስቡ። ቧንቧ ከሌለ ሮቶ ይቀመጥ፣ ቦቴ ይምጣ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስተዳዳሪውን ነዝንዙ። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ስለ ግሉኮስ ሲጨነቅ ውሃው ያልቃል።

ልብስን በተመለከተ፦ ኮሌራ በትንፋሽ አይተላለፍም። ጓንት፣ ቦቲ ጫማና የፕላስቲክ ሽርጥ ይበቃል። ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ተጠቅልሎ የሚገባ ሠራተኛ በሽተኛውን ከማስፈራት በቀር የሚጨምረው የለም። በየበሩ በሚቀመጠው የክሎሪን ጫማ መንከሪያ ላይም ሐሳቤ እንዲሁ ነው። ሁሉም እዚያ ላይ ቆሞ እግሩን ይነክራል፤ አጠገቡ ያለው የእጅ መታጠቢያ በርሜል ባዶውን ይውላል።

ክሎሪን የሚበጠብጠው ሰው

ይህን ሥራ ለማንም ደርሶ ለመጣ አትስጡ። በየፈረቃው አንድ ሰው በስም ይመደብ። እኔ ጋ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምንላቸው። መጠኑን በከሰል ግድግዳ ላይ ጽፈው፣ ሐኪም ሳይቀር እጁን ሳይታጠብ ካለፈ መልሰው ይጠሩት ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ፈልጉ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም በጊዜ ይድረሰው።

ሦስት ዓይነት ውህድ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ከ65 እስከ 70 በመቶ የሆነው የክሎሪን ዱቄት ካላችሁ በ10 ሊትር ውሃ እንዲህ ነው፦

ለእጅ፣ 0.05 በመቶ፦ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ።
ለወለል፣ ለአልጋ፣ ለዕቃና ለልብስ፣ 0.2 በመቶ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ 30 ግራም ገደማ።
ለትውከት፣ ለተቅማጥና ለአስከሬን፣ 2 በመቶ፦ 300 ግራም፣ ወደ 20 የሾርባ ማንኪያ።

ማንኪያው ልሙጥ ነው፣ ቁልል አይደለም። ዱቄቱ ከሌለና 5 በመቶ በረኪና ካገኛችሁ በዚያው ቅደም ተከተል 100 ሚሊ ሊትር፣ 400 ሚሊ ሊትር፣ 4 ሊትር አድርጉና በውሃ 10 ሊትር ሙሉት። የበረኪናውን መቶኛ ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ፤ ሁሉም እኩል አይደለም።

ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ ብረት አይሁን። ደጅ፣ ነፋስ ባለበት በጥብጡ። ውሃው ይቅደም፣ ዱቄቱ ይከተል። ከሳሙናም ከሌላ ማጽጃም ጋር አትደባልቁ። የእጁና የወለሉ ውህድ በየቀኑ ይቀየራል፤ ጸሐይ ላይ የዋለ ክሎሪን ደክሟል። በየጀሪካኑ ላይ በቀለም ለዩ። ማንበብ የማይችል አስታማሚ የ2 በመቶውን ለእጁ ከተጠቀመበት ይቃጠላል።

አሁን ባልዲው። የኮሌራ አልጋ መሃሉ ቀዳዳ ነው፤ ሥሩ ባልዲ ይቀመጣል፣ ራስጌው አጠገብ ደግሞ ለትውከት ሌላ። አልጋው ከሌለ ተራውን አልጋ ቆርጣችሁ ፕላስቲክ አልብሱት። ባልዲውን ከማስገባታችሁ በፊት ታቹን የሚሸፍን 2 በመቶ ክሎሪን ጨምሩ። ሲሞላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆይቶ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ይደፋል። ከዚያ በ0.2 በመቶ ታጥቦ ይመለሳል። ባልዲው ላይ የሊትር መስመር አስምሩበት፤ የወጣውን ሳታውቁ የምትተኩትን አታውቁም። የጸናበት ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያፈስስ ይችላል።

ሕክምናው

እዚህ ላይ አላረዝምም፤ መመሪያው እጃችሁ ላይ አለ። የሚጠጣ ይጠጣል፤ ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ። ድርቀቱ የጸናበት፣ ራሱን የሳተ፣ መጠጣት ያቃተው በደም ሥር ይወስዳል። ሪንገር ላክቴት የተባለው ጨዋማ ፈሳሽ፣ በክብደቱ በአንድ ኪሎ 100 ሚሊ ሊትር። 50 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ የመጀመሪያው 1.5 ሊትር በ30 ደቂቃ፣ ቀሪው 3.5 ሊትር በ2 ሰዓት ተኩል ይገባል። አዲስ ነርስ ይህን ሲያይ ይፈራል፤ ጠብ ጠብ እያደረገ ይሰጣል። አትፍሩ፣ ክፈቱት፤ አንዱ ካኑላ ካልበቃ በሁለት እጅ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕጻን ግን ፍጥነቱ ሌላ ነው፤ በ6 ሰዓት ነው የሚያልቀው። ሕዝቡ ሁሉንም «ግሉኮስ» ይለዋል፤ እናንተ ግን እውነተኛውን የስኳር ግሉኮስ ብቻውን አትስቀሉ፣ የፈሰሰውን ጨው አይተካም። የሚያጠቡ እናቶች ማጥባት አያቁሙ።

በጊዜ የደረሰና በደንብ የታከመ ከሆነ ከ100 ሰው 1 እንኳ አይሞትም። ከዚያ በላይ እየሞተባችሁ ከሆነ ሰው ዘግይቶ እየመጣ ነው ወይም ፈሳሹ ዘግይቶ እየገባ ነው። የትኛው እንደሆነ በሞተው ሰው ካርድ ላይ ያለው ሰዓት ይነግራችኋል።

መዝገቡ ከግቢ ይውጣ

እንግዲህ ወደ ዋናው መጣን። መዝገቡ ላይ ስም፣ ዕድሜና ጾታ ይሞላል፤ አድራሻው ላይ «ቀበሌ 03» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አይረባም። ጎጡን ጻፉ። ውሃ ከየት እንደቀዳ ጻፉ፤ ከምንጭ፣ ከወንዝ፣ ከቦኖ፣ ከቦቴ። ባለፉት 5 ቀናት ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ጸበል፣ ገበያ ሄዶ እንደሆነ ጠይቁ። የቀን ሠራተኛ ከሆነ የየትኛው እርሻ ካምፕ እንደሆነ። እሱ መናገር ካቃተው አስታማሚው ይናገራል።

ማታ ማታ መዝገቡን ይዛችሁ በእጅ የተሳለ የወረዳ ካርታ ላይ ነጥብ አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ጆን ስኖው ሟቾችን በየቤታቸው መዝግቦ ብሮድ ስትሪት ላይ ያለችውን አንዲት የውሃ ፓምፕ ያጋለጠው እንዲሁ ነው። ሦስት ነጥብ አንድ ምንጭ ዙሪያ ካያችሁ ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የወረዳው ቡድን እዚያ መድረስ አለባቸው።

እዚያ ደርሰው ምን ይሥሩ? ቤት አይርጩ። የመርጫ ማሽን ተሸክሞ ግድግዳ ማጠብ ለካሜራ ያምራል፤ ሰው ግን ግድግዳ አይልስም። ይልቅ ለታማሚው ቤትና በዙሪያው ላሉ ጎረቤቶች ሳሙና፣ ክዳን ያለው ጀሪካን፣ እንደ ውሃ አጋር ወይም አኳታብስ ያለ የውሃ ማከሚያ ያድሉ፤ አጠቃቀሙን እዚያው በራሳቸው ውሃ ያሳዩ። መድኃኒቱ የገባበት ውሃ 30 ደቂቃ ይቆይ። ከሌለ ይፍላ። ሳሙና ከጠፋ በአመድ ይታጠቡ። ጤና ኬላው ላይ ኦአርኤስ የሚጠጣበት ጥግ ይከፈት፤ ሆስፒታሉ የሦስት ሰዓት መንገድ ከሆነ ሕይወት የሚተርፈው እዚያ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጠው እየጠጡ ይምጡ።

ለቅሶው ላይ የእድር ዳኞችን ቀድማችሁ አግኙ። አስከሬኑን ማዕከሉ ውስጥ በ2 በመቶ ክሎሪን አጽድታችሁ፣ ጠቅልላችሁ ስጡ፤ ቤት ሄዶ ዳግም አይታጠብ፣ ቀብሩም ቶሎ ይሁን። አስከሬን የነካ ሰው ንፍሮ አይቀቅልም፣ እንጀራም አያቀርብም። ይህን እናንተ ስትናገሩት ድፍረት ይሆናል፤ የእድሩ ዳኛ ሲናገሩት ሥርዓት ይሆናል።

ጸበል ቦታ ከሁሉ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ላይ ያየነው ይኸው ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ብዙ ሕዝብ፣ ጥቂት ሽንት ቤት፣ የሚጠጣውም የሚታጠቡበትም አንድ ቦታ። ከዚያ ሁሉም ወደየአገሩ ይበተናል። «ጸበሉ ይዘጋ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ነገሩ አበቃ፤ ሰው ተደብቆ ይሄዳል። በመጀመሪያ አስተዳዳሪውን አባት ለብቻቸው አነጋግሩ። «አባ፣ ጸበሉን አንነካም። የሚጠጣው ከምንጩ ራስ በቧንቧ ይውረድ፣ መጠመቂያው ከታች ይሁን፣ ሽንት ቤት ከምንጩ በታች ራቅ ብሎ እናስቆፍር» በሉ። ሁለተኛው ልመናችሁ ስለ ጾም ይሁን። ጾም አይፈታብኝም ብሎ ኦአርኤስ የማይጠጣ ሰው ያጋጥማችኋል። አባ ራሳቸው ቆመው «የታመመ ይጠጣ፣ ፈቅጃለሁ» ካሉ እናንተ ሙሉ ቀን ለፍልፋችሁ የማታገኙትን ያገኛሉ። ሦስተኛ፣ ወደ አገሩ የሚመለሰው ሰው ስምና ወረዳ በር ላይ ይመዝገብ፤ ለዚያ ወረዳ ቀድማችሁ ትደውላላችሁ።

ክትባቱ ሲመጣ ተቀበሉ። በአፍ የሚሰጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በዓለም ላይ እጥረት ስላለ ለወረርሽኝ በሁለት ፋንታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። ክትባቱ ደረሰ ተብሎ የውሃው ሥራ አይቋረጥ።

መዝጋት

አዲስ ታማሚ ሲጠፋ ሁሉም ድንኳኑን ለማንሳት ይቸኩላል። እየመረመራችሁ፣ ለ4 ተከታታይ ሳምንታት በምርመራ የተረጋገጠ አዲስ ታማሚ ካልተገኘ ነው አለቀ የሚባለው። ያኔ ጉድጓዱን ድፈኑ፣ የተበላሸውን ፍራሽ አቃጥሉ፣ አልጋውን በ0.2 በመቶ አጥባችሁ ጸሐይ ላይ አስጡ። የመዝገቡ ቅጂ ወረዳ ይቀመጥ፣ ካርታውም ከነነጥቡ። የተረፈውን የክሎሪን ዱቄት ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ፣ ከመድኃኒቶች ለይታችሁ አስቀምጡ። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የማብቂያ ጊዜውን እዩ፤ ሪንገሩንም ቁጠሩ።