በረመዳን ለምትማሩ፣ በተለይ ጅማ ላላችሁ

ረመዳን ከሚድ ፈተና ጋር ሲገጥም ብዙ ልጅ የሚሳሳተው ሌሊቱን ሙሉ አጥንቶ፣ ሱሑር (ጾሙ ከመጀመሩ በፊት የሚበላውን) በልቶ፣ ፈጅር (የንጋቱን ሶላት) ሰግዶ እስከ ክላስ ሰዓት መተኛቱ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያ ዓመት ላይ እንደዛ አድርጌ ከሰዓት በኋላ ያለው ትምህርት ጭራሽ አይገባኝም ነበር። አሁን ከተራዊሕ (ከረመዳን የማታ ሶላት) እንደተመለስኩ ወዲያው እተኛለሁ። ከባዱን ትምህርት፣ ስሌት ያለበትን፣ ከፈጅር በኋላ አጠናለሁ፤ ሆድም ባዶ ስላልሆነ፣ ዶርሙም ፀጥ ስለሚል ያ አንድ ሰዓት ተኩል ከማታው የሦስት ሰዓት ጥናት ይበልጣል። ቀን ደግሞ ዙህር (የቀትር ሶላት) አካባቢ 20 ደቂቃ ጋደም በሉ።

ቡናው ግን! ጅማ ተቀምጦ ቡና ያልለመደ የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ከረሃቡ ይልቅ ቡና በድንገት ከመቋረጡ የሚመጣ ነው። ረመዳን ከመግባቱ ሳምንት ቀደም ብላችሁ በየቀኑ ስኒ ቀንሱ። በጾሙ ወቅት ከኢፍጧር (ከማፍጠሪያው ምግብ) በኋላ አንድ ስኒ ይበቃል፣ ከተራዊሕ በኋላ ከጠጣችሁ ግን እንቅልፉን እርሱት። ሱሑር ላይ ጨው የበዛበት ምግብ ተዉ፣ ውኃውንም ከኢፍጧር እስከ ሱሑር እየከፋፈላችሁ ጠጡ እንጂ አዛን ሊል ሲል በአንዴ አትጋቱት።

ቁርኣን ማኽተም (ሙሉውን ቀርቶ መጨረስ) ለምትፈልጉ፣ አንድ ጁዝ (ከቁርኣን 30 ክፍሎች አንዱ) 20 ገጽ ገደማ ስለሆነ በቀን ከአምስቱም ሶላት በኋላ 4 ገጽ ብትቀሩ በወሩ ትጨርሳላችሁ።