አስ-2 ይዞ ሬይዝ፣ ሬይዝ፣ አሁንም ሬይዝ

ኦማሃ ሃይ-ሎው በሚባለው የፖከር ዓይነት ፖቱ፣ ማለትም የተወራረዱበት ቺፕ ሁሉ፣ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹን ትልቁ እጅ (ሁለት ካርድ ከራስ፣ ሦስት ከጠረጴዛው)፣ ግማሹን ደግሞ ከ8 የማይበልጡ አምስት የተለያዩ ካርዶች ያሉት፣ አስ እንደ 1 የሚቆጠርበት ዝቅተኛ እጅ ይወስዳል። ዝቅተኛ የሠራ ከሌለ ትልቁ ሁሉንም ይጠቀልላል። ይሄን ያህሉን ሁሉም ያውቃል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው እጁ ገና ሳይሞላ፣ ካርድ እየተጠበቀ ሬይዝ (ውርርዱን ከፍ ማድረግ) ይሻላል ወይስ ኮል (የተጠየቀውን ብቻ መክፈል) የሚለው ጋ ሲደረስ ነው።

ዋናው ስህተት አስ-2 ስለያዙ ብቻ ሬይዝ ማድረግ ነው። ይሄን ሳይ ደሜ ይፈላል። ፍሎፑ፣ ማለትም ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት ካርዶች፣ 4፣ 7፣ ጃክ ነው እንበል። እጃችሁ ላይ አስ፣ 2፣ ኪንግ እና 9 አለ። 3፣ 5፣ 6 ወይም 8 ከመጣ ዝቅተኛው ይሞላል። ካላያችኋቸው 45 ካርዶች 16ቱ ይጠቅሟችኋል። እስከ ሪቨር (እስከ መጨረሻው፣ አምስተኛው ካርድ) ከቆያችሁ የመሙላት ዕድሉ 59 በመቶ ገደማ ነው። አያስከፋም፤ ግን ይሄ ሁሉ ለግማሹ ነው። ለትልቁ እጅ ምንም የላችሁም። እያንዳንዱ ሰው አራት አራት ካርድ ስለያዘ ደግሞ ሌላ አስ-2 ያለው ሰው መኖሩ ብርቅ አይደለም። እሱም ከሞላለት ግማሹን ትካፈላላችሁ፤ የሚደርሳችሁ ሩብ ነው።

አንዱ እንዲህ ሲጫወት አይቻለሁ። በየዙሩ ሬይዝ እያደረገ ሰዉን አባረረና ሦስት ቀሩ። እያንዳንዳቸው 12 ቺፕ አስገብተዋል፤ ፖቱ 36 ሆነ። ዝቅተኛው ሞላለት፤ የአንዱ ተጋጣሚም ያው አስ-2 ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው ትልቁን ወሰደ። የኛ ሰው 9 ቺፕ እየሰበሰበ ፈገግ አለ። 12 አስገብቶ 9 ሲመለስለት ያሸነፈ መስሎታል! አራት ሰው ቀርቶ ቢሆን ያስገባውን 12 መልሶ ያገኝ ነበር፤ አምስት ቢሆኑ 15። የሚከፍሉለትን በገዛ እጁ አባረራቸው፣ የሚካፈለውን ግን ማባረር አልቻለም። ለአንድ ወገን ብቻ ካርድ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ሰው ፖቱ ውስጥ ቢቆይለት ይሻለዋል። ኮል ብሎ ዝም ማለት ነው።

ሌላው ሒሳቡን በሙሉ ፖት መሥራት ነው። ተርን (አራተኛው ካርድ) ላይ ናችሁ፣ ፖቱ ውስጥ 5 ቺፕ አለ፣ ለመቀጠል 1 ትከፍላላችሁ። ከ44 ካርዶች 16ቱ ይጠቅማሉ። ከሞላላችሁ የሚደርሳችሁ 6 ሳይሆን 3 ነው። 3 ሲባዛ በ16፣ ሲካፈል ለ44፣ 1.09 ይመጣል። ለጥቂት ያዋጣል። ሩብ ብቻ የሚደርሳችሁ ከሆነ ግን ወደ 0.55 ይወርዳል፤ ግልጽ ኪሳራ። ሪቨር ላይ የሚጨመረውን ትቼ ነው ያሰላሁት።

ፍላሽ (አምስቱም ካርድ አንድ ዓይነት፣ ለምሳሌ ሁሉም ልብ) ለሚጠብቁ ደግሞ ይሄን ልጨምር። እጃችሁ ላይ የልብ አስና የልብ ጃክ አለ፤ ፍሎፑ የልብ ኪንግ፣ የልብ 8 እና ሌላ ቀለም 3። የቀሩት ዘጠኝ ልቦች 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 9፣ 10 እና ኩዊን ናቸው። ከነሱ አምስቱ፣ ማለትም 2፣ 4፣ 5፣ 6 እና 7፣ ፍላሹን ሲሞሉላችሁ ለሌላው ሰው የዝቅተኛውን በር ይከፍቱለታል። 3 ከመጣ ጠረጴዛው ላይ ጥንድ ይሆንና ፍላሽን የሚበልጠው ፉል ሃውስ ያሰጋል። ስለዚህ ዘጠኙንም እኩል ቆጥሮ ሬይዝ ማድረግ ራስን ማታለል ነው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ ይሄኛው የፈሪዎች ነው። አስ-2 ከአስ ፍላሽ ድሮው (ገና ካልሞላ፣ በአስ ከሚመራ ፍላሽ) ጋር ይዞ በኮል ብቻ መጎተት! ለሁለቱም ወገን ምርጡን እየጠበቃችሁ ነው፤ ፖቱን አሳድጉት እንጂ። ዝቅተኛውን እየጠበቃችሁ ለትልቁም መካከለኛ እጅ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ሁለት ጥንድ፣ ሬይዙ ሌላ ሥራ አለው፤ ትልቁን ሊቀማችሁ ይችል የነበረውን ሰው ያስወጣል። እዚህ ጋ ሰው ማባረር ያዋጣል። ማንም እንደማይወጣ ካወቃችሁ ግን ይሄኛው ምክንያት አይሠራም።

አስ ሳይኖር 2-3 ይዞ ዝቅተኛ መጠበቅ፦ ተዉት፣ አስ ጠረጴዛው ላይ ካልወረደ በስተቀር። አስ-2 ብቻ ይዛችሁ ጠረጴዛው ላይ 2 ከወረደ ደግሞ ምርጥነቱ ይቀራል። ከጎኑ 3 ያለው እጅ ለዚህ ነው የሚወደደው።

በቋሚ ሊሚት፣ ማለትም የውርርዱ መጠን በተወሰነበት ጨዋታ፣ ተርን ላይ ውርርዱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መጨረሻ የምትናገሩት እናንተ ከሆናችሁ፣ ፍሎፕ ላይ በርካሹ ሬይዝ አድርጎ ተርን ላይ ሁሉም ቼክ ሲል (ሳይወራረድ ሲያልፍ) ካርዱን በነጻ ማየት የታወቀ ዘዴ ነው። በባዶ አስ-2ም ቢሆን አልፎ አልፎ እቀበለዋለሁ። እስከ ፖቱ መጠን መወራረድ በሚቻልበት ፖት-ሊሚት ላይ ግን አትሞክሩት። እዚያ የጠነከረ እጅ የያዘው ሰው ሙሉ ፖቱን መልሶ ሬይዝ ያደርግባችኋል፤ ያኔ ወይ ፎልድ ብላችሁ (ካርዳችሁን ጥላችሁ) የከፈላችሁትን ትተዋላችሁ፣ ወይ ለግማሽ ፖት ያላችሁን ሁሉ ታስገባላችሁ።