የዓይን ግፊቱ ደህና ሆኖ ግላኮማው ሲብስ

ምልክቱ፦ ግላኮማ የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳበት በሽታ ነው። የግላኮማ ጠብታው በሰዓቱ ይገባል። የዓይን ግፊት ሲለካ 14 ወይም 15 ነው። ዳር ዳሩን የማየት አቅም ግን በየምርመራው ይቀንሳል።

እኔ ጋ በብዛት የሚመጣው ይሄ ነው። ብዙዎቹ «ከ21 በታች ነው፣ ደህና ነሽ» ተብለው የተሸኙ ናቸው። በጣም ያናድደኛል። የዓይን ነርቭ በቂ ደም ካላገኘ ግፊቱ 12 ሆኖም ይጎዳል። የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም።

ምክንያቱ፦ የደም ግፊት ወረድ ሲል የዓይን ደም ስሮች ሰፋ ብለው ማካካስ አለባቸው። አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ አይሠራም። የስዊዘርላንዱ ሐኪም ዮሴፍ ፍላመር ባዝል ከተማ ውስጥ ለዓመታት አጥንተውታል፤ በስማቸውም ፍላመር ሲንድረም ይባላል። ይሄ ያለበት ሰው እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ብዙ አይጠማውም፣ እንቅልፍ ቶሎ አይወስደውም።

አንዲት እናት ስጨብጣቸው እጃቸው በረዶ ነበር። የደም ግፊት ኪኒን መቼ እንደሚወስዱ ጠየቅኳቸው። «ማታ ልተኛ ስል ነው ልጄ፣ እንዳልረሳው ብዬ።» ሁለት ዓይነት፣ ባንዴ! የደም ግፊት 24 ሰዓት የሚለካ መሣሪያ ክንዳቸው ላይ አሰርን። ቀን 135 በ80። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 88 በ46። በእንቅልፍ ከ10 እስከ 20 በመቶ መውረድ ጤናማ ነው፤ የሳቸው ግን ሲሶውን አልፎ ወርዷል።

መፍትሄው፦ ከውስጥ ደዌ ሐኪማቸው ጋር ተመካክረን አንዱን ኪኒን ቀነስን፣ ሌላውን ወደ ጠዋት አዞርን። የማታውን ቲሞሎል የሚባል የግላኮማ ጠብታም ቀየርነው፤ እሱም የልብ ምትንና የሌሊት የደም ግፊትን ያወርዳል። ይኸው ሁለት ዓመት፣ እይታቸው ባለበት ቆሟል።

ይሄን አንብባችሁ ኪኒናችሁን እንዳታቆሙ! ሰዓቱንም በራሳችሁ አትቀይሩ። ያልታከመ ደም ግፊት ስትሮክ ያመጣል። የጎረቤት ጠብታም አትዋሱ፤ ቲሞሎል አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጣል።

አልፎ አልፎ፦ አንድ ዓይን መጋረጃ እንደወረደበት ጨልሞ በደቂቃዎች ከተመለሰ የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። «ተሻለኝ» ብላችሁ አትቀመጡ፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ጠዋት ስትነሱ አንድ ዓይን ከደበዘዘም እንደዚያው።

ለቀጠሮ ስትመጡ የኪኒኖቻችሁን ማሸጊያ ሁሉ ይዛችሁ ኑ። የምትውጡበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ጻፉበት።