የእንግሊዝ ገጠር የጡብ ቤቶች፦ ሲያዩም ሲጠግኑም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክና በሰፎክ ገጠር፣ ቀያይ የጡብ የእርሻ ቤቶች በብዛት አሉ። በአካባቢው ጥሩ የግንባታ ድንጋይ ስለማይገኝ ሰዉ የሸክላ አፈሩን ቆፍሮ ጡብ አቃጠለ። ዛሬ እነዚህን ቤቶች የሚጎዳቸው ከዕድሜ ይልቅ ጥገና ነው ባይ ነኝ።

ዋናው ጥፋት ሲሚንቶ ነው። በጡቦቹ መካከል ያለው ኖራ ሲረግፍ፣ «ጠንከር ያለ ይሻላል» ተብሎ መጋጠሚያው በሲሚንቶ ይሞላል። የድሮ ግድግዳ ግን ድፍን ነው፤ እንደ ዘመኑ ግድግዳ በመሐሉ ክፍተት የለውም። ዝናብ ሲመታው ትንሽ ይጠጣል፣ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ በኖራው በኩል መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ይዘጋል። እርጥበቱ ጡቡ ውስጥ ይቀራል፤ በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የጡቡ ፊት ይላጣል። ከዓመታት በኋላ ሲሚንቶው ሳይነካ ጡቡ ያልቃል! መጋጠሚያው ከጡቡ መለስለስ አለበት፤ ማርጀትም መታደስም ያለበት እሱ ነው። ውሃ አያስገባም የሚባለው ቅብም መዘዙ ያው ነው። አሸዋ በግፊት እየረጩ ማጽዳትማ ጭራሽ አይሞከርም፤ እሳት ያጠነከረውን የጡቡን ቆዳ ይገፈዋል።

ፊቱን ብቻ አይቶ ዕድሜ መገመትም ያሳስታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጡብ ፋሽን ነበር፤ የእንጨት ቤት የነበራቸው ብዙዎች ፊት ለፊቱን ጡብ አለበሱት። ስለዚህ ወደ ጓሮ ዙሩ፣ ኮርኒስ ላይም ውጡ። ከጡቡ ጀርባ በጣም የቆየ የእንጨት ቤት ሊኖር ይችላል። የጡቡ ትልቅነትም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እርግጥ ከ1784 እስከ 1850 በጡብ ላይ ግብር ነበር፤ የሚከፈለውም በጡብ ቁጥር ስለነበር አንዳንዶች ጡቡን አተለቁት፤ ሁሉም ግን አላደረገውም።

የተደፈነ መስኮት ያየ ሁሉ «የመስኮት ግብር ነው» ይላል። በመስኮት ቁጥር የሚከፈል፣ ሰዉን መስኮት ያስደፈነ ግብር ከ1696 እስከ 1851 በእርግጥ ነበር። ብዙዎቹ ግን የቤቱ ፊት ግራና ቀኙ እንዲመጣጠን ከመጀመሪያው ድፍን ሆነው የተሠሩ ናቸው።

በመጨረሻ፣ ፈቃድ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ጥበቃው ውስጡንም ይጨምራል፤ ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው። «ውስጡን ብነካው ማን ያየኛል» አያዋጣም። የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ ያፈረሰውንም አዲሱ ገዢ እንዲመልስ ሊታዘዝ ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ከመፈረማችሁ በፊት የፈቃዱን ወረቀት ጠይቁ።