የእንግሊዝኛ ቃላት ከየት እንደመጡ ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቀኑን ሙሉ «ኦኬ» ሳይል የሚውል የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቃሉ ከየት መጣ ሲባል ግን ብዙዎች የሚያወሩት የጦር ሜዳ ታሪክ ነው፦ ከውጊያ በኋላ የሞተ ወታደር ከሌለ «ዜሮ ኪልድ» ለማለት ዜሮና «ኬ» ይጻፍ ነበር ይላሉ። ታሪኩ ይጥማል፤ እውነት ግን አይደለም። የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ ስለጣመን ብቻ ማመን።

የ«ኦኬ»ን መነሻ በ1960ዎቹ ፈልፍሎ ያወጣው አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር አለን ዎከር ሪድ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሪድ የድሮ ጋዜጦችን እያገላበጠ አነበበ። በ1830ዎቹ መጨረሻ የቦስተን ጋዜጠኞች ቃላትን ሆን ብለው አጣመው እየጻፉ በመነሻ ፊደላት ማሳጠር ይወዱ ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ልክ ነው» የሚለውንም በተሳሳቱ ፊደላት «ኦ» እና «ኬ» ብለው አሳጠሩት፤ ማርች 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ላይ ታተመ። የዚያን ጊዜ መሰል ቀልዶች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ይህኛውን ያተረፈው የ1840 ምርጫ ነው። ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን የኪንደርሁክ ተወላጅ ስለነበሩ ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሏቸው ነበር፤ ሁለቱን ፊደላትም መፈክር አደረጓቸው። ስለዚህ የቃል ታሪክ ሲነገርዎ «መጀመሪያ የተጻፈው የት ነው? መቼ?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱን አጭር ቃል ምህፃረ ቃል ማድረግ ነው። «ኒውስ» የአራቱ ማዕዘናት መነሻ ፊደላት ነው ይባላል፤ ቃሉ ግን «አዲስ» ከሚለው የወጣ ነው፤ «አዳዲስ ነገሮች» እንደማለት። «ጎልፍ»ን «ለወንዶች ብቻ፣ ሴቶች ክልክል» ከሚል ዓረፍተ ነገር የሚያወጡም አሉ። የስኮትላንድ ፓርላማ ጨዋታውን በ1457፣ ሰው ቀስት መወርወር እንዲለማመድ ብሎ ሲከለክል ስሙ አስቀድሞ ነበረ። ለአስተናጋጅ የምንሰጠው «ቲፕ»ም ምህፃረ ቃል አይደለም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ስጥ፣ አቀብል» ለማለት የሌቦች የአራዳ ቃል ነበር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በመነሻ ፊደላት ቃል መፍጠር እጅግ ብርቅ ነው። «ኤስ ኦ ኤስ» እንኳ «ነፍሳችንን አድኑ» ለማለት አልተመረጠም፤ በ1906 በርሊን ላይ የተስማሙበት ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ በሞርስ ለመላክም ለመለየትም ስለሚቀል ነው።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። «ሩል ኦፍ ተምብ» (ቃል በቃል «የአውራ ጣት ደንብ»፤ በግምት መሥራት) ባል ሚስቱን ከአውራ ጣት በማይወፍር ዱላ እንዲመታ ከፈቀደ የእንግሊዝ ሕግ መጣ ይባላል። እንዲህ ያለ ሕግ አልተገኘም፤ አነጋገሩም በ1600ዎቹ በልምድና በግምት መለካትን ለመግለጽ ተጽፏል። በ1782 ዳኛ ፍራንሲስ በለር እንዲህ ያለ ነገር ተናግረዋል ተብሎ በካርቱን ተሳለቁባቸው፤ ወሬውን ከአነጋገሩ ጋር ያያያዙት ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። የሴቶች መደብደብ እውነተኛ ግፍ ነው፤ እሱን ለመቃወም የሐሰት ማስረጃ መያዝ ግን ተከራካሪውን ራሱን ይጎዳዋል።

«ባግ» (ቃል በቃል ትንሽ ነፍሳት) የሚለው የኮምፒውተር ስህተት መጠሪያ በ1947 ሃርቫርድ ውስጥ ማሽን ላይ ከተገኘች የእሳት ራት መጣ የሚሉም ይሳሳታሉ። ኮምፒውተር ሳይኖር ፈልሳፊው ኤዲሰን ቃሉን ለቴክኒክ ችግር በ1878 ጽፎታል።

ብዙ ጊዜ የማዝነው ግን በሌላ ነው። «ኩል» (አሪፍ) እና «ዎክ» (የነቃ) የቲክቶክ ልጆች የፈጠሯቸው ሲመስለን የጥቁር አሜሪካውያንን ድካም እንነጥቃለን። ደራሲው ዊሊያም ሜልቪን ኬሊ የኒው ዮርኩን የጥቁሮች ሰፈር የሃርለምን አነጋገር ይዞ ስለ «ዎክ» በኒው ዮርክ ታይምስ የጻፈው በ1962 ነው፤ ያኔም ነጮች ቃላቱን ወስደው መነሻቸውን እንደሚረሱ ተናግሯል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ደግሞ ዕቃውንና ስሙን እናምታታለን። ቡናው ከደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን መነሣቱ ስሙን የኛ አያደርገውም። «ኮፊ» ከቱርክ «ካህቬ»፣ እሱም ከዓረብኛው «ቀህዋ» ነው፤ የዓረብ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ቀህዋ» ቀድሞ የወይን ጠጅ ስም እንደነበር ጽፈዋል። ከከፋ ነው የሚለው እስካሁን ግምት ነው። ዛሬ ለቡና ፍሬም የሚባለውን «ቢን»ን ከ«ቡና» የሚያመጡትማ ጨርሶ ይስታሉ። የለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት በ1652 ከመከፈቱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት እንግሊዞች በዚያ ቃል ባቄላን ይጠሩበት ነበር።